ሕጋዊው ቸርኬ

«እና በጭንቅላቴ ተሸክሜው ልሂድ?» አለ ኪሮስ።

«በምን እንደምትሄድ የራስህ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ቸርኬዎች ግን አትሄድም» አለው ኃላፊያችን አቶ ብርሃኔ።

«ቆይ እስቲ። ቸርኬው እንዲፈቀድልህ መኪናው ፈተና ጣቢያ ይቅረብ አልከኝ። ፈተና ጣቢያው የሁለት ቀን መንገድ ነው። በምን ልድረስ? በእነዚሁ። እነዚሁ ደግሞ ካልተፈቀዱ ከዚህ ግቢ አይወጡም። ክንፍ የሚሸጥበት ሱቅ ካወቅህ ጠቁመኝ፤ ገዝቼ ልምጣ።»

አጥሩ ሥር ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። አንዱ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ሳቁ በረታ። አቶ ብርሃኔ ኽምጣኛ አይሰማም፤ በማን እንደተሳቀ ግን ገብቶታል።

«አትቀልድ!»

«ቀልዱን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ አነበብኩት እንጂ።»

እኔ ከመኪናው ሥር ተንጋልዬ ነበር፤ ሜትር በእጄ፣ የክብሪት እንጨት በጥርሴ። ኪሮስ ከሰቆጣ ጽጽቃ ሰው የሚያመላልስበት ባለ ረጅም ወንበር የመስክ መኪና ነበረው። ቸርኬ የምለው ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ብረት ነው። ከመኪናው ጋር የመጡት ቸርኬዎች በዚያ ኮረኮንች እየጎበጡ ሲያስቸግሩት፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራቸው ወፍራም አዳዲስ ቸርኬዎች ገዝቶ ገጠመና ለዓመታዊው ምርመራ ይዞ ቀረበ። ለካኋቸው። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች በቁጥርም በርቀትም ገጠሙ። የመሃሉ ቀዳዳ ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ ላይ የክብሪት እንጨት እንኳ እስከማያስገባ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። መሪው ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ አይነካም። የሚሸከሙት ክብደት ጀርባቸው ላይ ተቀርጿል፤ ከድሮዎቹ ይበልጣል። ከሥር ወጥቼ አቧራዬን እያራገፍኩ ይህንኑ ተናገርኩ።

«ይችላል ወይ አልተባልክም» አለኝ አቶ ብርሃኔ። «ይመሳሰላል ወይ ነው የተባልከው።»

በዚያ መሥሪያ ቤት ያሳለፍኳቸው ዓመታት በሙሉ በዚህች አንዲት ንግግር ውስጥ አሉ።

ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬ እስኪበርድ ብጠብቅ አልጽፈውም። ዛሬ ተሽከርካሪ መርማሪ አይደለሁም። ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ሸራ ወጥሬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር መጥቶ «ከፋብሪካው ውጭ የሆነ ቸርኬ እንዲፈቀድልኝ» የሚል ማመልከቻ ጻፍልኝ አለኝ። አምጣ የተባለውን ወረቀት ሲዘረዝርልኝ እስክሪብቶዬ ቆመ። የአምራቹ ደብዳቤ። የአስመጪው ማረጋገጫ። የፈተና ጣቢያ ውጤት፣ መኪናው ራሱ ቀርቦ። አንድም ቃል አልተቀየረም። አንድ ሰው እግሩን ሰጥቶበታል፤ እኔ እንጀራዬን ሰጥቼበታለሁ፤ ወረቀቱ ግን እንደ ድሮው ሆኖ ሌላ ሰው እጅ ላይ አገኘሁት።

ከቴክኒክና ሙያ በአውቶ መካኒክ እንደተመረቅኩ መጀመሪያ የተመደብኩት ደሃና ነበር። መካኒክ ብለው ቀጠሩኝና መናኸሪያ በር ላይ አቁመው ትርፍ ተሳፋሪ አስቆጠሩኝ። ሰው በእግሩ፣ እህል በአህያ በሚጓዝበት አገር የሚገባው መኪና በጣት ይቆጠራል። ግጥም የጀመርኩት እዚያ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ጊዜ ነበረኝ። በቲኬት ጀርባ እጽፍ ነበር። ከዚያ ጽጽቃ አዛወሩኝ። የጽጽቃ አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ማኅተሙን ከኪሱ አይለይም፤ ለቅሶ የሄደ ቀን ማኅተሙም አብሮት ለቅሶ ይቀመጣል። ደመወዜን አላወራውም። ሲበዛ ቤት ኪራይና ሽሮ ነበር።

ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ወደ ሰቆጣ ስዛወር ነው። ያሳዩኝም ጋሽ ሞላ ናቸው።

ጋሽ ሞላ የካህናት ቤተሰብ ናቸው። ልጅ ሳሉ ዜማ ተምረው፣ ድጓው ላይ ሲደርሱ ጥለው ጋራዥ የገቡ ሰው። የካፖርታቸው የደረት ኪስ ዘወትር ነጭ ነው፤ ጠመኔ ይይዙበታል። ከገጠር የመጣ ሰው አስተማሪ መስለውት «የኔታ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አያርሙትም። አንድን ቸርኬ ሲመረምሩ እንዲህ ነው። ጎማውን ያስወልቃሉ። ባዶውን ብረት ከባሕር ዛፍ አግዳሚው ላይ በገመድ ይሰቅሉታል። በትንሽ መዶሻ አንዴ ብቻ ይመቱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ደህና ብረት ድምፁን ያስረዝማል፤ በጣም የተጎዳ ብረት ቶሎ ይታፈናል። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚያወራ ሰው ካለ ወዮለት።

ከዚያ ግን አይፈርሙም። ቸርኬውን አውርደው ናፍጣ ይቀቡታል። በጨርቅ አድርቀው ይጠርጉታል። ጠመኔውን በቢላ ፍቀው ዱቄቱን ይነሰንሱበትና ሦስት አባታችን ሆይ የሚደገምበት ያህል ይጠብቃሉ። ብረቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ናፍጣ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ጸጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ዓይን የማያየውን፣ ጆሮ የማይሰማውን።

«ጆሮ ባለጌ ነው፤ ያማረውን ይወዳል» ይሉኝ ነበር። «ጠመኔ ውበት አያውቅም።»

እኔ ግን ከሁለቱ የወደድኩት ጆሮውን ነው። ብረት ሲዘምር መስማት ለእኔ ከደመወዝ ይበልጥብኝ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ «ምነው ባለቅኔው፣ ፍሬኑንም በዜማ ልትፈትሽልን ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አንድ ጊዜ አንድ የተከበሩ ነጋዴ አዲስ የብር ቀለም የተቀባ ቸርኬ ይዘው ቀረቡ። ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ቀለሙ አልደረቀም። ለሠርግ ነው ወይስ ለቀብር ነው ያስጌጡት?» አሉ። ሰውየው ተቆጡ፤ ስልክ ደወሉ፤ ትልቅ ሰው ጠሩ። ጋሽ ሞላ ቀለሙን በጨርቅና በቤንዚን አነሡት። ከሥሩ የተበየደ ስብራት ወጣ፤ እንደ ቁስል ጠባሳ ተሸብሽቦ። «እንግዲህ ትልቁ ሰው ይሳፈሩበት» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። እጃቸውን ሳይታጠቡ አንድም ወረቀት ላይ ፈርመው አያውቁም።

በእሳቸው ጊዜ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ቸርኬ ይፈቀድ ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ በእጃቸው ይጽፉለታል፤ የቀዳዳው ልክ፣ የብረቱ ውፍረት፣ ጠመኔው ያሳየው። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ ይሄዳሉ። የገጹ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለካሁት፣ ሰማሁት፣ ተሳፈርኩበት። ያልፋል።» ከዚያ አዲሱ ቅጽ መጣ። አዲሱ ቅጽ አንድ ገጽ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፦ «እንደ ፋብሪካው» እና «እንደ ፋብሪካው ያልሆነ»። ጋሽ ሞላ ቅጹን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ባዶ መሆኑን ሲያዩ ሳቁ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡና ሰቆጣ ዙሪያ ያለች መሬታቸው ላይ ገቡ።

ለአቶ ብርሃኔ ፍትሐዊ ልሁን። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት በሠራበት ቦታ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ፈቅዶ፣ ኦዲተር መጥቶበት፣ ወራት ከሥራ ታግዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ጸሎቱ ሆነ። መኪና አያይም፤ ሳጥን ያያል።

ወደ ኪሮስ ልመለስ። ያን ቀን እየተሳደበ ወጣ። መኪናው ሳይሠራ ሁለት ሳምንት ቆመ። ቦሎ ከሌለው መናኸሪያ አያስገቡትም፤ የጽጽቃ ሰውም ከጠዋት እስከ ቀትር መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ የድሮዎቹን ቸርኬዎች ጎሚስታው ዘንድ ወስዶ አስቀጠቀጠ። ሦስቱ ተቃኑ። አራተኛው እምቢ አለ፤ ተሰነጣጥቆ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ከቆየ ወዲህ የዚያ ዓይነት ቸርኬ ገበያ ላይ አይገኝም። እናም ኪሮስ ወደ ትውልድ ቀበሌው፣ ወደ ደሃና ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ አራተኛውን ተሸክሞ ግቢው ገባ። እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል።

«ይኸው! ማኅተሙን እየው። ቁጥሩ ሳይቀር አንድ ነው።»

አየሁት። የፋብሪካው ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ከየት አገኘኸው፣ አያ ኪሮስ?»

«ከተማርኩበት ትምህርት ቤት። ደወል ነበር።»

«ደወል?»

«የድሮ የፕሮጀክት መኪና ተገልብጦ እዚያ ቀርቶ የለ? የእሱ ነው። እኔ ከመማሬ በፊት ጀምሮ ተሰቅሎ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በብረት ሲደበደብ ኖሮ ያልተሰበረ፣ የጽጽቃ መንገድ ምን ያደርገዋል?»

ሳቅኩ። እውነት መሰለኝ። እሱም እውነት መስሎት ነበር፤ እኛ አገር ደወል የሚሆን ቸርኬ የማይሰማበት ቀበሌ የለም፤ ሲሰበር ያየ ሰውም የለም።

«ትምህርት ቤቱስ በምን ሊደወል ነው?»

«ካዲሶቹ አንዱን ሰቀልኩላቸው። ርዕሰ መምህሩ ግን ድምፁን ጠላው። ‹የፈረንጅ ድስት ይመስላል› አለኝ።»

አሁን ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ለመንገድ የተሠራው፣ አዲሱ፣ የለካሁት፣ ጠንካራው ቸርኬ ደሃና ላይ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተማሪ ይጠራል። ደወሉ ደግሞ አሥር ሰው ሊሸከም ሰቆጣ መጥቷል። ይህን ያደረገው ኪሮስ አይደለም። ይህን ያደረገችው ያቺ ሳጥን ናት።

ግን እጄን ያዋስኳት እኔ ነኝ።

ቸርኬውን ከጋሽ ሞላ አግዳሚ ላይ ሰቀልኩት። በትንሿ መዶሻ አንዴ መታሁት። እንዲህ ያለ ድምፅ በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። ወፍሮ ተነሣ፤ ቀጠነ፤ ሊያልቅ ነው ስል እንደገና ከውስጡ ሌላ ድምፅ ወጣ። ከሾፌሮቹ አንዱ አማተበ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ቆምኩ፤ ልክ እንደ ጋሽ ሞላ። ድምፁ ሲያልቅ ኪሴ ውስጥ የምይዛትን ደብተር አወጣሁና ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። ስንኞቹን እዚህ አልደግማቸውም። ያማሩ ነበሩ፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

የናፍጣው ጠርሙስ ግድግዳው ሥር ነበር፤ ሁለት እርምጃ። ጠመኔው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ደብተሬን ወደ ኪሴ መለስኩና ቅጹን አነሣሁ። ሳልታጠብ ፈረምኩ። ሳልሳፈርም።

አቶ ብርሃኔ መጥቶ ማኅተሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «ይኸው!» አለ ደስ ብሎት። «ሰው ከፈለገ ያገኛል። ክንፍም አላስፈለገ!» ኪሮስም ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። ቦሎውን መስተዋቱ ላይ ለጠፍኩለት።

ሰባት ሳምንት ሠራበት። አንድ ማለዳ የጽጽቃን ቁልቁለት ሲወርድ የመኪናው የፊት ግራ እግር ተገነጠለ። ኪሮስ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው መታው። ስለዚህ ተሳፋሪው ተረፈ፤ ሁለት ሰው አጥንቱ ተሰበረ፤ የቀረው ተቧጨረ። ተራራው ያገኘው ግን የሾፌሩን ወገን ነው። የኪሮስን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ቦታው ድረስ ሄድኩ። የተገነጠለው ክብ ከነጎማው ገደል ገብቷል። የቸርኬው መሃል ግን እንደ ሰሃን በዳዶዎቹ ታስሮ ሞዞው ላይ ቀርቷል። ፈታሁት። አንዱ የቡሎን ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ተበልቶ ረዝሟል። ሽቦ ነው የበላው። በዚያ ቀዳዳ ነበር ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረው። የተሰበረውን ጠርዝ ዞሬ አየሁት። ግማሹ ያብረቀርቃል፤ ያ የዛሬ ማለዳ ስብራት ነው። ግማሹ ቡናማ ነው። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ዝገቱ የሰባት ሳምንት አልነበረም፤ የዓመታት ነበር።

ደወል የሚመታ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመታል፤ ድምፁ የሚያምርበትን። ብረቱ እዚያች ቦታ ላይ በየማለዳው ሲመታ ኖሮ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ድምፁን ለማበላሸት ገና አልደረሰም ነበር። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ለመገንጠል ይበቃ ነበር። ጠመኔ ብነሰንስበት ኖሮ ጥቁሯ መስመር ትወጣ ነበር።

በማግስቱ አቶ ብርሃኔ ቢሮው ጠራኝ። የተተየበ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ለትራፊክ ፖሊስ የሚላክ ነው። «ተሽከርካሪው ምርመራ ባለፈበት ጊዜ ሁሉም ቸርኬዎች ጤነኛ የነበሩ ሲሆን፣ ባለንብረቱ ከምርመራው በኋላ ካልታወቀ ቦታ ያመጣውን ቸርኬ ቀይሮ በመግጠሙ አደጋው ሊደርስ ችሏል» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከስሜ በላይ ባዶ መስመር።

«ይህ ከተላከ ኪሮስ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው» አልኩት።

«ይህ ካልተላከ አንተ ነህ። ምናልባት እኔም።» ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም። «ስማ፣ ልጅ ነህ። እሱ እግሩ ሄዷል፤ አይመለስም። አንተ ግን ገና ሁሉም አለህ። እስከ ነገ አስብበት።»

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ጋሽ ሞላ ዘንድ ወጣሁ። የተናደ የድንጋይ ካብ ይክቡ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደወሉን፣ ድምፁን፣ ቁልቁለቱን፣ ደብዳቤውን። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ድንጋይ አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ጠመኔ ነሰነስክ?»

«አልነሰነስኩም።»

የእጃቸውን አቧራ አራገፉ። እኔ መናገር ጀመርኩ፤ ስለ ቅጹ፣ ስለ ሁለቱ ሳጥኖች፣ ሕጉ ደህናውን አስወልቆ የተሰነጠቀውን እንዳስገጠመ፣ እኔ...

«ሕጉ ደንቆሮ ነው» አሉኝ። «እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ደንቆሮ ስለሆነ ነው አንተን እዚያ ያቆሙህ። ጠመኔውስ በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ጻፈው። ግጥም አይሁን። እንደ ምርመራ ጻፈው፤ ምን ለካህ፣ ምን ሳትለካ ቀረህ። ሕጉንም ጻፈው፤ ምን እንዳስወለቀ፣ ምን እንዳስገጠመ። አንዱን ጽፈህ አንዱን እንዳትተው።»

ወደ ቤት ግባ አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ካቡ መለሱ። እስከዚያች ቀን ድረስ ደጃቸው ደርሼ ውኃ ሳልጠጣ ተመልሼ አላውቅም ነበር።

ሁለት ገጽ ሆነ። ኪሮስ አዲሶቹን ቸርኬዎች ሲያቀርብ ለክቼ ጤነኛ ሆነው እንዳገኘኋቸውና በቅጹ ምክንያት እንደተከለከሉ ጻፍኩ። አራተኛው ቸርኬ ደወል እንደነበር ኪሮስ በራሱ አንደበት፣ ምስክር ባለበት እንደነገረኝ ጻፍኩ። አልደበቀም፤ አላታለለም። የናፍጣና የጠመኔ ፍተሻ ማድረግ ሲገባኝ በድምፁ ብቻ ተማርኬ እንደፈረምኩ ጻፍኩ። የስብራቱን ቡናማ ግማሽ ጻፍኩ። ግልባጭ ለትራፊክ ፖሊስ ብዬ ፈረምኩ።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ወረቀት አይደለም። ሰው አንብቦት ይቀደዳል፤ የለም ይባላል። ቁጥር ከተሰጠው ግን ቢያቃጥሉት እንኳ መዝገቡ ላይ ይኖራል። መዝገብ ቤታችን ደግሞ አንዲት ክፍል፣ አንድ መስኮትና እትዬ ለተብርሃን ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚያ የነበሩ፣ ከአርእስቱ በቀር ከደብዳቤ ምንም የማያነቡ ሴት። ማንም ሲያወራ ቀና ብለው አያዩም፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና አርእስቱን አነበቡ። ከዚያ ማንበባቸውን ቀጠሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሰው ሁለተኛውን ገለጡ። ያን ጊዜ አቶ ብርሃኔ ገባ፤ ማን እንደነገረው አላውቅም።

«እሱ ወረቀት አይገባም፣ ወይዘሮ ለተብርሃን።»

ቀና ሳይሉ ያነቡ ነበር።

«ራስህን ነው የከሰስከው!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «ገባህ? ከሥራ ትባረራለህ። ነገ እዚህ ግቢ በር ላይ ዘበኛው አያስገባህም። ለአንድ ሾፌር?»

«ደወል መሆኑን ነግሮኛል፣ አቶ ብርሃኔ። እርስዎም ማኅተሙን ሲያነቡ አጠገብዎ ቆሞ ነበር።»

«ማኅተሙ ትክክል ነበር!»

«ማኅተሙ ትክክል ነበር» አልኩት። «እሱን ጽፌዋለሁ።»

እትዬ ለተብርሃን ሁለተኛውን ገጽ ጨረሱ። መሳቢያቸውን ስበው የማኅተሙን ቀለም አወጡ።

«እትዬ፣ አልሰሙኝም?» አቶ ብርሃኔ ጠረጴዛውን በመዳፉ ያዘ። «አይገባም ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ግን እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ‹ኃላፊው ያልወደደው አይመዘገብ› የሚል።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሳረፉት፤ አንዴ በዋናው፣ አንዴ በግልባጩ። መዝገቡን ገልጠው ቁጥሩን ቀስ ብለው ጻፉ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያ ቁጥሩን የእኔ ቅጂ ላይ ደገሙት። «እናቴ ጽጽቃ ናት። በየወሩ የማያት በዚያው መንገድ ነው።»

«እኔስ? እኔ ለበላይ አካል ምን ልበል?»

«እሱን እርስዎ ይጻፉ። ሲያመጡት እመዘግብልዎታለሁ።»

ተነሡ። መዝገቡን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ነጠላቸውን አጣፉ። የፖሊሱን ግልባጭ ፖስታ ውስጥ አስገብተው አፉን በምራቅ አሸጉት።

«ፖስተኛው ይዞት ይሄዳል» አለ አቶ ብርሃኔ፤ እጁን ዘረጋ።

«ፖሊስ ጣቢያው በመንገዴ ላይ ነው» አሉት።

ፖስታውን ብብታቸው ሥር አድርገው በመካከላችን አልፈው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።